ውሻ ያዙልን

አንድ ሰው ነበረ፤ ውሻም ነበረው። ቆይ መንበሩ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ሁለት ዓመት ያሠቃየኝ የወገብ ሕመም እስኪለቀኝ ልተኛ ወይስ እያመመኝም ልነሳ?» ነው ያልከኝ። የልጅህ ሠርግ ስድስት ሳምንት እንደቀረው፣ አሥር ደቂቃ እንኳ መቆም እንደማትችል፣ በሠርጓ ቀን እንደ ዕቃ ጥግ ላይ ተቀምጠህ እንዳትውል እንደፈራህም ነግረኸኛል። እኔ ወጌሻ ነኝ። አርባ ዓመት የሰው ወገብ ሳሽ ኖሬ ስለ ቆየ ሕመም የተማርኩት ከዚህች ወሬ አይበልጥም። ካሻህ ቁም፣ ካሻህ ተቀመጥ፣ ብቻ ስማኝ።

ሰውየው ገበሬ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጅብ በረቱ ድረስ መጣ፤ ውሻው ባይጮህ ኖሮ በጎቹ አልቀው ነበር። ሰውየው ወጥቶ ጅቡን አባረረ፣ የላላውንም አጥር ጠገነ። ጅቡ ሄደ። ውሻው ግን መጮኹን አልተወም። ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻል፣ ዶሮ ስትጭር ይጮኻል፣ ጌታው ራሱ በሩን ሲከፍት ይጮኽበታል። ሰውየውም በጮኸ ቁጥር ጅብ መጣ ይልና በሩን ቀርቅሮ፣ ጦሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል።

መካሪ አልጠፋም። በእኛ አገር መካሪ ጠፍቶ ያውቃል እንዴ? አንዱ አፉን እሰረው አለው፤ አሰረው፣ ሲፈታው በእጥፍ ጮኸ። ሌላው ስሙን ለውጥለት አለው፤ ለወጠው፣ በአዲሱ ስሙም ጮኸ። ሊጠይቀው የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ደግሞ ጅብ ስለበላው ዘመዱ ሳያወራ አይሄድም፤ አንተ ጋ እየመጡ ወገቡ ተቆርጦ ስለቀረ ሰው እንደሚያወሩልህ ማለት ነው። ሰውየው ከቤት መውጣቱን እርግፍ አድርጎ ተወው። እርሻውን አረም ዋጠው። ግቢው ሰው ድርሽ የማይልበት ሆነና ውሻውም እንግዳ ማየት ረሳ፤ ከበፊቱ ይልቅ ባሰበት።

ይህ ሰው ከመንደሩ ሰዎች ጋር በየወሩ ማኅበር ይጠጣ ነበር። የድግሱ ተራ ሊደርሰው ሁለት ወር ሲቀር ማኅበርተኞቹ አዘኑለትና፣ ግቢህ አይገባም፣ የዘንድሮ ተራህን እንዝለልልህ ብለው ላኩበት። በደግነት ነው ያሉት። እሱን ግን እንደዚህ ነገር የከነከነው የለም፤ አባቱ ሲደግስ የኖረው ጽዋ በእሱ ዘመን ቤቱን ዘሎ ሊሄድ ነው። ሚስቱ ይህን ጊዜ ተናገረች።

«አንተ ሰው፣ እኔ በየቀኑ በዚህ በር ወጥቼ ውሃ ቀድቼ እመለሳለሁ። በየቀኑም ይጮኽብኛል። እስቲ የትኛው ጅብ ነው የበላኝ?»

ሰውየው ጦሩን ከግድግዳው አስጠግቶ መቀርቀሪያውን ሳበው።

ውሻው ጮኸ። ሰውየውን ላብ አጠመቀው፤ ዙሪያውን ቢቃኝ ግን ጅብ የለም። «ሰማሁህ» አለውና እስከ እንጨት ክምሩ ሄዶ ተመለሰ። በማግስቱም እዚያው ድረስ። በሳምንቱ እስከ አጥሩ። አንድ ቀን ደስ ቢለው ጊዜ ገበያ ድረስ ወጣና ሁለት እንግዳ ይዞ ገባ፤ ውሻው ሦስት ቀን ሙሉ ጮኸ። ሰውየው ተመልሶ በሩን ሊቀረቅር ምንም አልቀረው። ሚስቱ ሳቀችበት፣ እሱም ሳቀ፣ በአራተኛው ቀን እንደገና ከእንጨት ክምሩ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ጥሩ ቀን ሲገጥመው አይፈነጥዝም፣ ክፉ ቀን ሲገጥመውም ቤት አይውልም፤ የልኩን ይሄዳል።

ተራው ደረሰ። ማኅበርተኞቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው እንደ ወጉ «ቤቶች፣ ውሻ ያዙልን» አሉ። ሰውየው እየሳቀ ወጣ።

«ግቡ ግቡ፣ ጥቂት ይጮኻል እንጂ አይነክስም» አላቸው።

ጮኸ። ገቡ። ጠላው ሲቀዳ ውሻው ሲያዛጋ ታየ፤ ዳቦው ሲቆረስ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ተጋድሞ ፍርፋሪ ይጠብቅ ነበር። ያን ቀን በዚያ ቤት የነበረውን ሳቅ እንዴት ልንገርህ።

እንግዲህ መንበሩ፣ ውሻው ሕመምህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ያን ከባድ ጆንያ ስታነሳ ጅብ መጥቶብህ ነበር፤ ጮኸልህ፣ ደግ አደረገ። ሐኪም አይቶሃል፤ ጅቡ ሄዷል፣ አጥሩም ተጠግኗል። ሕመምህ ውሸት ነው አላልኩህም። ጩኸቱ እውነት ነው፤ የሌለው ጅቡ ነው። ደግሞ ልብ በል፤ እግርህ ቢከዳህ፣ መቀመጫህ ቢደነዝዝ፣ ሽንትህ አልታዘዝ ቢልህ እሱ ጅብ ነውና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት ሩጥ። አለዚያ ግን ከዛሬ ጀምረህ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄደህ ተመለስ፤ ነገም እንዲሁ። በሠርጉ ቀን ሁለት ዘፈን ጨፍር፣ ሦስተኛውን ተቀመጥ፣ ለአራተኛው ተነስ። ይጮኽብህ ይሆናል። «ሰማሁህ» በለውና ልጅህን እቀፋት።

ምነው ትስቃለህ? አየህ፣ አሥር ደቂቃ መቆም አልችልም ያልከኝ ሰው ወሬዬን ቆመህ ጨረስከው።