አያ ጅቦ ያደነቀው ዘፋኝ

አንድ ጊዜ፣ አራዊቱ ጠግበው ሥራ በፈቱበት ዘመን፣ አንበሳ የዘፋኞች ዝና የሚቀመጥበት ዋሻ ይኑረን ብሎ አዘዘ። አንበሳ ለዘፈን ያን ያህል ደንታ ኖሮት አይደለም። ከወንዝ ማዶ ያሉት አራዊት እንዲህ ያለ ዋሻ አላቸው ሲባል ሰምቶ ነው። እነሱ ካላቸው እኛ ምን ጎደለን አለ። ምን እንደጎደላቸው ሊነግረው የደፈረ አልነበረም።

ዋሻው ኮረብታው ሥር ተገኘ። የሌሊት ወፎቹ ልቀቁ ተባሉና ለቀቁ። በዋሻው ደጃፍ ላይ ሸክላ አፈር በውኃ ተለውሶ እንደ አውድማ ተለቀለቀ። የሚመረጠው ዘፋኝ ኮቴውን ወይም መዳፉን እርጥቡ ጭቃ ላይ ያትማል፤ ጭቃው ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ሁሉ እያየ «ይህ የእገሌ ነው» ይላል። አሳቡ ይኸው ነው፤ አሳብነቱ ላይ ምንም ነውር የለውም።

ዳኞቹ ሦስት ሆኑ። አንበሳ ሰብሳቢ ነው። ቀበሮ ነገር አዋቂ ናት ተብላ ገባች። ጅብ ግን ማንም ሳይጠራው መጥቶ ነው የተቀመጠው፤ ስብሰባ ካለ ምሳ ይኖራል ብሎ። ተነሥ የሚለው ስላልተገኘ ዳኛ ሆኖ ቀረ።

ወሬው ለአህያ ደረሰው። የአህያ ጆሮ ትልቅ ስለሆነ ወሬ ቶሎ ይደርሰዋል። አህያ ወንዙ ዳር ባለው መስክ ላይ የሚኖር፣ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚያናፋ እንስሳ ነው። ዝናብ ቢሆን፣ ውርጭ ቢሆን፣ ሆዱን ቢያመው ቀርቶ አያውቅም። በዚያ ሁሉ ዘመን ታዲያ አንድም አውሬ መጥቶ ጎሽ ብሎት አያውቅም። ይህን ለማንም አይናገረው እንጂ ውስጥ ውስጡን ያንገበግበው ነበር። ያን ዕለት ግን አልቻለምና መስኩ ጫፍ ላይ ከድንጋይ ሥር ለምትኖረው ለኤሊ ነገራት።

«ኮቴዬ እዚያ ጭቃ ላይ ቢያርፍ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር» አላት።

«ምን ያደርግልሃል?» አለችው ኤሊ።

«የሰማኝ መኖሩን አውቅ ነበር።»

ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች። ወትሮም ቃል አታበዛም።

በማግስቱ ክርክሩ ተጀመረ። መጀመሪያ የተነሣው የእንቁራሪት ጉዳይ ነው። ቀበሮ እንቁራሪት ድምፀ መልካም መሆኗን አልካደችም፤ ነገር ግን የምትዘፍነው ክረምት ክረምት ብቻ ነው፤ በጋውን የት እንደምትገባ አይታወቅም አለች። ደግሞ ብቻዋን ዘፍና አታውቅም፤ ረግረጉ በሙሉ ነው አብሮ የሚጮኸው። አንዷን ብናስገባ የቀሩት ያኮርፋሉ፤ ሁሉንም እናስገባ ብንል ዋሻው አይበቃም። አንበሳ ይህን ሲሰማ ደከመውና ወደሚቀጥለው እለፉ አለ።

የሚቀጥለው ቆቅ ነበረች። የቆቅ ችግር ያላት ዘፈን አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ቀበሮ «አንድም ቢሆን ጥሩ ነው» ስትል፣ አንበሳ «ጥሩም ቢሆን አንድ ነው» አለ። በዚህ ላይ ግማሽ ቀን ሄደ። ጅብ በቆቅ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ቢጠየቅ፣ ትንሽ ናት አለ። የድምፅ ማነስ ማለቱ መስሏቸው ጥሩ ነጥብ ነው ብለው ተቀበሉት።

ከዚያ ጅብ ሳይጠየቅ ተነሣ። ምሳ እንደሌለ ከገባው ቆይቷል፤ ሆዱ ይጮህበታል።

«ጌታዬ፣ እኔ አህያን ነው የምለው» አለ። «እኔ እንደ አህያ የምወደው ዘፋኝ የለም። ጠዋት ጠዋት ድምፁን ስሰማ አፌ በምራቅ ይሞላል።»

ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጅብ ለጥበብ እንዲህ የሚንሰፈሰፍ ልብ እንዳለው እስከዚያ ቀን ማንም አላወቀም ነበር። ስለ አህያ የአተነፋፈስ ርዝመት፣ ስለ ደረቱ ስፋት፣ በተለይ ስለ ጭኑ ጥንካሬ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። ጭን ከዘፈን ጋር ምን እንዳገናኘው ቀበሮ ስትጠይቀው፣ ዘፋኝ ቆሞ ነው የሚዘፍነው ብሎ መለሰላት። አንበሳ አባባሉ ትክክል ሆኖ አገኘው።

አንበሳን ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። ወንዝ ማዶ ያሉት ቁራን ወደ ዋሻቸው አስገብተው፣ ቁራ በሳምንቱ ንጉሣቸውን የሚሰድብ ዘፈን አውጥቶ አሳፍሯቸዋል። አሁን ምልክቱን ከጭቃው ይፍቁት ወይ ይተዉት ጨንቋቸዋል።

«ሕያው ዘፋኝ አያስተማምንም» አለ አንበሳ። «ዛሬ እናከብረዋለን፣ ነገ ያዋርደናል። የሞተ ዘፋኝ ግን ከእንግዲህ አያበላሽም። ስለዚህ ወደዚህ ዋሻ የሚገባው የሞተ ብቻ ይሁን።»

ለሐሳቡ እጁን ቀድሞ ያወጣው ጅብ ነው። ቀበሮም አወጣች፤ ከአንበሳ ሐሳብ ጋር አለመስማማት ለጤና ጥሩ አይደለም። ሕጉ ጸደቀ። ቀበሮ ግን አንድ ችግር ታያት። የሞቱትን ዘፋኞች የሚያስታውስ የለም፤ የሚታወሱት ደግሞ አልሞቱም። ማንን ሊያስገቡ ነው?

«እሱ አያሳስብ ጌታዬ» አለ ጅብ። «እናንተ ብቻ አህያን ምረጡልኝ። ኮቴውን ሳላጎድል ይዤ እመጣለሁ። ዋሻው የሚፈልገው ኮቴውን ብቻ አይደል?»

አንበሳ አሰበና፣ አዎ፣ ኮቴውን ብቻ ነው አለ። ምርጫው ነገ ከሰዓት በኋላ አራዊቱ ሁሉ ባሉበት እንዲጸድቅ ተወሰነ። ቀበሮ ወደ ቤቷ መሄዷን ትታ ወደ ወንዙ ወረደች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለአህያ አዝና አይደለም። ከአንበሳ ማዕድ የሚተርፈው አጥንት ድሮ የእሷ ነበር፤ ጅብ ከመጣ ወዲህ የሚተርፍ የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ነው የወረደችው።

ጅብ ቀድሟት ደርሷል። አህያን እንኳን ደስ አለህ እያለው ነበር። ሁለት ጊዜ አንገቱን አቀፈው፤ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቆየበት። ነገ ደህና ታጥበህ፣ ደህና ግጠህ፣ ጠገብ ብለህ ና፤ ለዝና ቁመና ያስፈልጋል አለው። ስለ ሕጉ ምንም አላነሣም። ሲሄድ ወደ ኋላ እየዞረ ያየው ነበር። አህያ የአድናቂ ፍቅር መስሎት ጆሮውን እያወዛወዘ ሸኘው።

ቀበሮ ተደብቃ ከነበረችበት ቁጥቋጦ ወጥታ ሕጉን ነገረችው። ኤሊም ከድንጋይዋ ሥር ሆና ትሰማለች። አህያ ደንግጦ ይሮጣል ብለው ሁለቱም ጠበቁ። አህያ አልሮጠም። ቆሞ አሰበ፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ማሰብ ከሚገባው በላይ አሰበ።

«ኮቴዬ ግን እዚያው ይቀራል?» አለ።

ኤሊ ይህን ስትሰማ ተናደደች። ኤሊ ስትናደድ አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ቀበሮ ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ለጭቃ ብለህ ልትሞት ነው?» አለችው ኤሊ።

«ዕድሜዬን ሙሉ አናፋሁ» አለ አህያ። «አንድ እንኳ ሰማሁህ ያለኝ የለም። እንዲህ ያለኝ ጅብ ብቻ ነው።»

«እኔ በየማለዳው እሰማሃለሁ። አንተን ሳልሰማ ከድንጋዬ ወጥቼ አላውቅም።»

አህያ ዞር ብሎ አያት። «ነግረሽኝ አታውቂም» አላት።

 እውነቱን ነው፤ ነግራው አታውቅም። የሚያውቅ ይመስላት ነበር። አንገቷን ልታስገባ ፈለገችና አፍራ ተወችው። አህያ ወደ ቀበሮ ዞረና ምን ይሻላል አላት። ቀበሮ የሚሻለውን ነገረችው። ቀላል ነበር፤ አህያ የሚመኘውን ነገር በገዛ አፉ ለሌላ መስጠት ብቻ ነው። ለሱ ግን ቀላል አልሆነለትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አራዊቱ ዋሻው ደጃፍ ተሰበሰቡ። ጭቃው እንዳይደርቅ እንደ አዲስ ውኃ ተረጭቶበታል። ጅብ ቀድሞ መጥቶ ከአህያ አጠገብ፣ በጣም አጠገብ ተቀምጧል። አንበሳ ተነሥቶ ስለ ዘፈን ጥቅም ተናገረና፣ የአህያ ስም ከመጽደቁ በፊት ሐሳብ ያለው ካለ ብሎ ጠየቀ። አህያ ራሱ ወደ መሐል ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይህ ክብር ለእኔ አይገባም» አለ። ድምፁ ተቆራረጠ፤ ያ መቆራረጥ የማስመሰል አልነበረም። «ከእኔ የሚበልጥ አለ። አያ ጅቦ ኮረብታው ላይ ሆኖ ሲያሽካካ ሰምቼው የዚያን ዕለት እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። በዘመኔ እንደሱ በድምፁ እግሬን ያንቀሳቀሰው ዘፋኝ የለም።»

ሚዳቋ እኔንም ያንቀሳቅሰኛል አለች። ጥንቸል ሰምቼው ቆሜ አላውቅም አለች። ፍየል ልጆቿ ሁሉ ድምፁን ከእናታቸው ሆድ ጀምረው እንደሚያውቁት መሰከረች። በአንድ ዘፋኝ ላይ ይህን ያህል ስምምነት ታይቶ አያውቅም።

ጅብ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ቆይቶ ግን ነገሩ እየጣመው መጣ። ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም፤ ለካ እሱም ይህን የሚጠብቅ ልብ ነበረው። ቀበሮ ዘፈን ከማን ተማርክ አያ ጅቦ ስትለው፣ ከማንም፣ በተፈጥሮዬ ነው አለ። ለመሆኑ አንተስ ለራስህ ድምፅ ትሰጣለህ ብትለው፣ አህያን መብላት የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቶ ሁለቱንም እጆቹን አወጣ። ቀበሮ እጇን አወጣች። አንበሳም አወጣ። ጅብ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። አራዊቱ አጨበጨቡ፤ ጅብ እጅ ነሣ።

«እንግዲህ ሕጉ ይነገር» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገችና ተናገረች። «ወደዚህ ዋሻ የሚገባው የሞተ ዘፋኝ ብቻ ነው።»

ጅብ ፈገግ እንዳለ ቆየ። ነገር ወደ ጅብ ጭንቅላት የሚሄደው በእግሩ ነው፤ መንገድ ላይም ያርፋል።

«የተመረጠው ሞቷል?» አለ አንበሳ።

«ገና ነው» አለች ቀበሮ። «እሱ ግን አያሳስብ ጌታዬ። መዳፉን ሳናጎድል እናመጣለን። ዋሻው የሚፈልገው መዳፉን ብቻ አይደል?»

አንበሳ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሕግ ሕግ ነው፤ ደግሞ ንግግሩ ትንሽ አስርቦታል። ነገሩ ያን ጊዜ ጅብ ጭንቅላት ውስጥ ደረሰ። ጅብ ዘለለ። አራዊቱ ዙሪያውን ስለቆሙ መውጫው አንድ ብቻ ነበርና የሮጠው በተለቀለቀው ጭቃ ላይ ነው፤ አራቱም መዳፎቹ ጥርት ብለው ታተሙ። ኮረብታውን ሲሻገር ጮኸ፤ የአራዊቱም እግር እንደ ልማዱ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር አልታየም። በዋሻው ያለው ምልክት የእሱ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ስላልሞተ ይፋቅ ወይ ይቆይ በሚለው ላይ ዳኞቹ እስካሁን ይከራከራሉ። ቀበሮ ለክርክሩ አትቸኩልም፤ አጥንቷ ተመልሶላታል።

አህያ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መስኩ ላይ ቆመ። ከፍቶታል። ዋሻው ሩቅ አይደለም፤ ጭቃው ከቆመበት ይታየዋል፤ እዚያ ላይ ያለው ግን የእሱ ኮቴ አይደለም። ዛሬስ ልተወው ብሎ አስቦ ነበር። ጉሮሮው ግን ልማድ ሆኖበት አናፋ።

ሲጨርስ እግሩ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ኤሊ ናት። ከድንጋይዋ እሱ እስከሚቆምበት ድረስ ለኤሊ ትንሽ መንገድ አይደለም፤ የተነሣችው ማታውኑ ነው።

«ጎሽ» አለችው። «የዛሬው ከትናንቱ ይበልጣል። መጨረሻው ላይ ግን አስረዘምከው።»

አህያ ጆሮዎቹን ቀጥ አደረገ። «የቱ ጋ?» አላት።

ነገረችው። እንደገና አናፋ፤ በዚህኛው አላስረዘመም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘፋኝን «ጎሽ» የምንለው ጆሮው እየሰማ ሳለ መሆኑን፣ እስኪሞት ጠብቆ ማወደስ ግን የጅብ ፍቅር መሆኑን ነው።