የተቀደደውን ቦርሳ መልሳ ያመጣችው ሴት

አንድ ቦርሳ የሚሰፋ ሰው ነበር። ሐይቅ ዳር ባለች ሜዳማ ከተማ ይኖራል፤ ጋሽ አንለይ ይሉታል። በዚያች ከተማ ትልቁም ትንሹም የሚሄደው በብስክሌት ነው። ጋሽ አንለይ የሚሰፋው ደግሞ ከብስክሌቱ ኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ቦርሳ ነው። ቀድሞ ሰዉ ዕቃውን በጆንያ አስሮ ነበር የሚጭነው፤ ጆንያው ይንሸራተትና ጎማ ውስጥ ይገባል፣ ጣጣው ብዙ ነው። ቦርሳው ሲመጣ ታዲያ ከተማው ሁሉ ገዛው።

ገዛው ስላችሁ ቦርሳውን ብቻ ወዶ አይደለም፤ ሰውየውንም ወዶ ነው። ጋሽ አንለይ ክፉኛ ታሞ፣ አልጋ ላይ ከርሞ የተነሣ ሰው ነው። እግሩ እንደ ድሮው አይታዘዝለትም፤ የቀረው እጁና የስፌት መኪናው ነው። ሰዉም "እንኳን ተረፈልን" እያለ ተሻምቶ ገዛ፤ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር ደግሞ እጅህን ይባርከው ይለዋል። እሱም ደስ ይለዋል። ማን ደስ አይለውም?

ምስጋናው እንደቀጠለ ግን ገዢው ጠፋ። አንድ ጊዜ የገዛ አይመለስም፣ አዲስም አይመጣም። ጋሽ አንለይ ቢያወጣ ቢያወርድ ምክንያቱ አልገባው አለ። ጎረቤቶቹን ሲጠይቅ ገበያው ቀዝቅዞ ነው፣ ያልፋል አሉት። በመጨረሻ ዕድሌ ነው ብሎ ተስፋ ቆረጠና የስፌት መኪናውን የሚገዛ ሰው ቀጠረ። መኪናው ከተሸጠ ሌላ የሚይዘው ሥራ የለውም፤ ከእንግዲህ የሰው እጅ ጠባቂ መሆኑ ነው።

ገዢውን እየጠበቀ ሳለ አንጓች የምትባል ዓሣ ነጋዴ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ከሐይቁ እስከ ገበያው ዓሣ እያመላለሰች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ቦርሳዋ ከማንጠልጠያው ሥር ተቦጭቋል። ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና፣ መንገድ ላይ ተቀዶ ዓሣዋ አቧራ ላይ እንደተዘረገፈ፣ የዕለት ገበያዋም እንደቀረባት ነገረችው።

ጋሽ አንለይ ተቆጣ።

"ከተማው ሁሉ ሲመርቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ተቀደደብኝ የምትዪው?"

አንጓች ይህን መናገሯ ይሉኝታ አጥታ አይደለም፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳን ከማስተከል ጀምሮ ያልተለያት ይኸው ሰው ነው። ነገር ግን እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር የምትል ሴት ናት።

"ጋሼ፣ የሁሉም ተቀዷል" አለችው። "በገመድ ጠፍረው ነው የሚሄዱበት። ከሕመም የተነሣ ሰው አናስከፋም ብለው ነው ዝም ያሉህ። እኔም ዝም ልል ነበር፤ መኪናህን ልትሸጥ ነው ሲሉኝ ግን አላስቻለኝም።"

ጋሽ አንለይ አንገቱን ደፋ። ያ ሁሉ ምርቃት መረረው። ከዚያ ቀና አለና "ተቀመጪ፣ ልጄ" አላት። የመኪናው ገዢ ሲመጣም ይቅርታ ጠይቆ ሸኘው።

ሌላ ቦርሳ እንደ አዲስ ሰፋላት። ዳግመኛ እንዳይቀደድ ሸራውን ከላይ እስከ ታች ደረበው፤ ዙሪያውን ቆዳ አለበሰው። አንጓች ሞከረችውና መልሳ አመጣችው። "አሁንስ አይቀደድም" አለችው፤ "ግን ከብዶኝ፣ ዓሣ ሳልጭን ገና በባዶው ደከመኝ።" ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ አንለይ የመጀመሪያውን፣ የተቀደደውን ቦርሳ አንሥቶ አገላብጦ አየው። ጨርቁ ሌላ ቦታ ምንም አልሆነም፤ የተበጠሰው ሸክሙ የሚያርፍበት የማንጠልጠያው ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ ቦርሳ ቀሪውን በስስ ሸራ ሰፍቶ፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ቆዳ ደርቦ ደጋግሞ ሰፋው። ቦርሳው በአንድ ጣት የሚነሣ ሆነ። አንጓችም ዓሣዋን ጢም አድርጋ ሞልታ፣ በኮረኮንቹ መንገድ ነድታ በሰላም ገበያ ደረሰች። ያየ ሁሉ ወደ ጋሽ አንለይ ሱቅ ጎረፈ።

ሥራው ሲቃናለት ጎረቤቱን ጠርቶ ድግስ ደገሰ። አንጓችን ከጎኑ አስቀመጣትና ተነሥቶ ቆመ።

"ስለ ፍቅራችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከአልጋ ያነሣኝ ፍቅራችሁ ነው። እንጀራዬን የመለሰችልኝ ግን እሷ ናት። እናንተ ሳታስከፉኝ ልጠፋ ነበር፤ እሷ አስከፍታኝ ዳንኩ።"

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ተነሡና "እውነት ነው፣ እኛስ እየወደድንህ ልንቀብርህ ነበር" አሉ።

ወዳጆቼ፣ ሰውን መውደድ ጉድለቱን እያዩ ማለፍ ይመስለናል። ይሉኝታ መልካም ነገር ነው፤ ወዳጃችን ሲወድቅ ዝም የሚያሰኘን ከሆነ ግን ጭካኔ ይሆናል። የሚያሞግሰንን እናቅፋለን፤ የተቀደደውን ይዞ በራችንን የሚያንኳኳውን እናኮርፋለን። እሱ እኮ ትቶን መሄድ ይችል ነበር። የመጣው ስላልጨከነብን ነው።

አንተስ፣ አንቺስ? እንዲህ ያለ ሰው አላችሁ? ካላችሁ ቀን ሳትቀጥሩ አመስግኑት። ጉድለቱን በሆዳችሁ ይዛችሁ ያለፋችሁት ወዳጅም ካለ፣ ሱቁን ሲዘጋ ከንፈር ከመምጠጥ ዛሬ ሄዳችሁ ንገሩት።