ጣሳውና ባለከረባቱ

አንዲት ጠላ ሻጭ፣ አድራሻዋና ስልኳ ብቻ ያለበት፣ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ድረ ገጽ ለማሠራት አሰበች። ይህን የሰማ አንድ ባለከረባት የድረ ገጽ ባለሙያ ቤቷ ድረስ መጣና ጠጪው መሃል ተገትሮ ይደሰኩርላት ጀመር።

«እሱ ያሰቡት ኋላ ቀር ነው! የእኔን ያሠሩ፤ በየሳምንቱ እየመጣሁ አድሰዋለሁ።»

«የቀሩ ዕለትስ?»

«ይበላሻላ! ያለ እኔ ደጅዎ ዝር የሚል ሰው አይኖርም።»

«ለመሆኑ ጌታዬ፣ እርስዎ ቤቴን በምን አወቁት?»

«ደጅ እንጨት ላይ የተደፋውን ጣሳ አይቼ ነዋ!»

«እኔም የምፈልገው እንደ ጣሳው ያለ ነው» አለች። «ከሰቀልኩት ጀምሮ አንድ ቀን አድሺኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ግን ጠጥቶ የሚዘባርቀውንም፣ ሳይጠጣ የሚዘባርቀውንም እየመራ ያመጣልኛል።»