ከነመንደሩ የተሰረዘ ጉድጓድ

ነገሩን ቃል በቃል ላላስታውሰው እችላለሁ። እኔ በምሠራበት በወረዳችን ውሃ ጽሕፈት ቤት የውሃ ጉድጓዶች ከተመዘገቡበት ዳታቤዝ ሪፖርት የምታዘጋጅ አንዲት ሠራተኛ ነበረች። የክልል እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ኃላፊው አቶ ደምመላሽ አስጠሯት።

«የተበላሹትን የውሃ ጉድጓዶች ከሪፖርቱ ሰርዢልኝ። እምቢ ካልሽ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም» አሏት።

«እሺ ጌታዬ። ግን በዳታቤዙ እያንዳንዱ መንደር ከጉድጓዱ ጋር ተያይዟል። ጉድጓዱ ሲሰረዝ መንደሩም ከነሕዝቡ ከሪፖርቱ ይጠፋል።»

«ይጥፋ! ማን ሊቆጥረው ነው?»

«መልካም። እርስዎ የተወለዱበት መንደርም አብሮ ይጠፋል። እንግዶቹ አገርዎን ቢጠይቁኝ ከሰማይ ነው የወረዱት ልበላቸው?»

ሪፖርቱ አንድም ጉድጓድ ሳይጎድልበት ቀረበ፤ እሷም ሥራዋ ላይ ቆየች።

በኋላ ዳታቤዙን ከፍቼ አረጋገጥኩ፦ የዚያ መንደር ጉድጓድ ከተበላሸ አራት ዓመቱ ነው። ይጠገንልን ብለው ያመለከቱት የአቶ ደምመላሽ እናት ናቸው።