የሁለት ፀጉር ክፍተት

ተረት ተረት፣ የብረት።

ኮምቦልቻ ውስጥ ዘምዘም የምትባል መካኒክ ነበረች፤ ንዴቷ ከበያጅ እሳት የሚፋጅ። የእትዬ ሀዋን ባለተርቦ የጭነት መኪና ሞተር ስትገጥም አንዲት ነገር ብቻ ፈለገች፤ ፒስተኑን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ፋሻ የሚሉት፣ በጫፍና ጫፉ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ፀጉር ያህል እንዲሰፋ። ለምን ቢሉ፣ ተርቦ አየር አምቆ ሲግተው ሞተር ይግላል፤ ፋሻ ሲግል ያብጣል፤ ማበጫ ካጣ ጫፎቹ ይጋጩና ይሰበራል። ባለፈው ሳምንት የደሴ ዳገት ላይ ተሰብሮ የእትዬ ሀዋ ቲማቲም እዚያው በሰበሰ። ዛሬም ሌላ ቲማቲም በሳጥን ሆኖ ደጅ ቆሟል።

«ፋሻ፣ ተከፈት» አለች።

«ጠብቤ ለምጃለሁ፤ አልከፈትም።»

«ሞረድ፣ ፋሻውን ሞርደው። ፋሻ አልከፈትም አለ፣ ቲማቲሙም ፀሐይ ላይ ነው።»

«ምን በደለኝ ብዬ?» አለ ሞረድ።

ሞረድ ከጋለ ጥርሱ ይለሰልሳል፤ እሳት የሚፈራው ለዚህ ነው። ወደ በያጁ ሮጠች። «እሳት፣ ሞረዱን አግለው። ሞረድ ፋሻ አልሞርድም አለ፣ ፋሻ አልከፈትም አለ፣ ቲማቲሙም ፀሐይ ላይ ነው።»

«እኔ ብረት እበይዳለሁ እንጂ በሰው ጠብ አልገባም።»

«ውሃ፣ እሳቱን አጥፋው። እሳት ሞረድ አላግልም አለ፣ ሞረድ ፋሻ አልሞርድም አለ፣ ፋሻ አልከፈትም አለ፣ ቲማቲሙም ፀሐይ ላይ ነው።»

«በርሜሌ ውስጥ ተኝቻለሁ፤ አትቀስቅሺኝ።»

ዘምዘም በርሜሉን በእግሯ ጠለዘችው።

«አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ ሀዋ ከደጅ፣ «በርሜል ስትደበድቢ ቲማቲሜ ስልስ ሊሆን ነው።»

ጥርሷን ነክሳ ወደ ተርቦው ዞረች። «ተርቦ፣ ውሃውን አፍላው። ውሃ እሳት አላጠፋም አለ፣ እሳት ሞረድ አላግልም አለ፣ ሞረድ ፋሻ አልሞርድም አለ፣ ፋሻ አልከፈትም አለ፣ ቲማቲሙም ፀሐይ ላይ ነው።»

ተርቦ ቀዝቃዛ አፉን ከፈተ። «ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ ‹ተርቦው ነው የሰበረው› ስትዪ ሰማሁሽ። ያንን ፋሻ ያጠበበው ማነው? እሱን ሳትነግሪኝ አልነቃነቅም።»

ዘምዘም የያዘችውን መፍቻ ወረወረችው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ቁጥር አየች፤ ተርቦ የሌለው የድሮ ሞተር ልክ ነው። ባለፈው ሳምንት የፋሻውን ክፍተት የለካችው በእሱ ነበር።

«እኔ ነኝ» ብላ ጮኸች። «በድሮው ልክ አጠበብኩት። እትዬ ሀዋ፣ ቲማቲምዎን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ።»

«ይችን ለማለት ሳምንት ፈጀብሽ? በይ፣ ዳገቱ ይጠብቀናል።»

ያኔ ተርቦ ውሃ ላይ ዛተ። ውሃ ደንግጦ እሳት ላይ ዘለለ፤ እሳት ሲሸሽ ሞረዱን ላሰ፤ ሞረድ ፈርቶ ፋሻውን ነከሰ፣ ከአንዱ ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ እንደ ደንቡ። ፋሻም ሁለት ፀጉር ያህል ተከፈተ። የቀሩት ፋሻዎች ይህን አይተው ሳይጠሩ ተሰለፉ።

መኪናው የደሴን ዳገት ሳያስል ወጣ። ዘምዘም ድምፁ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች። ንዴቷ ግን ገና አልበረደም። ሞረዱን አነሳችና ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ልስኑ እስኪረግፍ ፋቀችው።

ተረቴን መልሱ፣ እጄን በናፍጣ አብሱ።