የእንዝርት የመጨረሻ ፎቶግራፍ

አንድ አየር ማረፊያ ነበር፤ በየሁለት ደቂቃው አንድ አውሮፕላን የሚነሣበት ወይም የሚያርፍበት። የዚህ ታሪክ ባለቤቶች አራት ሰዎችና አንዲት አውሮፕላን ስለሆኑ አስቀድሞ እያንዳንዳቸውን በስም ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያዋ የአየር ማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ናቸው። ሁለተኛው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፕሮፔለር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡት መካኒክ ጋሽ ዘርጋው ናቸው። ሦስተኛው በሥራው ጥራት ስሙ የታወቀው ፎቶግራፍ አንሺ ኅሩይ ነው። አራተኛዋ ውዳላት ናት፤ ሳምንቱን መድኃኒት ቤት ስትሠራ ሰንብታ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ካሜራዋን ይዛ ከማረፊያው አጥር ሥር የማትጠፋ፣ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ በስሟ የሚጠሯት ሴት። አውሮፕላኗ ደግሞ ዕድሜዋ የገፋ፣ በሁለት ፕሮፔለር የምትበር፣ እነሱም ሲሽከረከሩ ስለሚውሉ ሠራተኞቹ «እንዝርት» ያሏት ናት።

እንዝርት ለመጨረሻ ጊዜ የምትበርበት ቀን ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ተፈታትታ ወደ ማቅለጫ ትሄዳለች። ጋሽ ዘርጋው ይህን በሰሙ ማግስት ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገቡ።

«ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ማቅለጫው ድርሻውን ይውሰድ፤ ክርክር የለኝም» አሉ። «ነገር ግን የልጅ ልጆቼ ‹አያታችን ዕድሜውን የጨረሰው ምን ላይ ነው?› ቢሉ፣ በጣቴ የማሳያቸው አንድ ነገር ግድግዳ ላይ ይኑርልኝ።»

ሥራ አስኪያጇ ጥያቄውን ተቀበሉ፤ ሥርዓትም አበጁለት። ኅሩይና ውዳላት በእሳት አደጋ ጣቢያው ጣሪያ ላይ ሆነው እንዝርት ስታርፍ ያነሣሉ። ከሁለቱ ሥራ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ተመርጦ በመንገደኞች አዳራሽ ይሰቀላል። መራጩ ጋሽ ዘርጋው ይሆናሉ። እንዝርት በጣሪያው ፊት የምታልፈው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ያመለጠው አይደገምም።

ቀኑ ደረሰ። እኩለ ቀን ላይ የጣለው ዝናብ አየሩን አጥቦት ሄደ። አሥር ሰዓት ሲሆን ደመናው ተገፈፈ፤ ፀሐይም ልክ ፎቶ አንሺ እንደሚመኛት፣ ጣሪያው ላይ ከቆሙት ከኅሩይና ከውዳላት ጀርባ ሆና ሜዳውን በወርቃማ ብርሃን ሞላችው። ትልልቆቹ ጄቶች ተከታትለው መጡ። የአንዱ መስኮት ሲያበራ፣ የሌላው ጎማ እርጥቡን አስፋልት ነክቶ ውሃውን እንደ ክንፍ ሲረጨው፣ ሁለቱ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙትንና የሚለቁትን አጡ።

«ውሃውን ያዝሽው?» አለ ኅሩይ ከካሜራው ዓይኑን ሳይነቅል።

«ጠብታውን መቁጠር ትችላለህ» አለች ውዳላት።

ብርሃን እንዲህ ሲበዛ ካሜራ እጅግ ይፈጥናል። የሰከንድ ሁለት ሺኛ ለምታህል ቅጽበት ዓይኑን ከፍቶ ይዘጋል፤ የሚበረውንም ሁሉ ባለበት አርግቶ ያስቀረዋል። ጄቶቹ በዚህ ፍጥነት ሲነሡ እንከን አልወጣላቸውም። ስለዚህ ኅሩይ ካሜራውን ሳይነካው እንዝርትን መጠበቅ ጀመረ። ውዳላት ግን አብረዋቸው ጣሪያው ላይ ወደቆሙት ጋሽ ዘርጋው ዞር አለች።

«ጋሼ፣ ፕሮፔለሯ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?»

«ለማረፍ ስትመጣ ሺህ ሁለት መቶ ያህል። በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ተቆጣጣሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ሊቀጣኝ ፈልጎ ነው።»

ኅሩይ ሳቀ። «እህቴ፣ ልታነሻት ነው ወይስ ልትጠግኛት?»

«ልትጠግናት ከፈለገችም መፍቻው ቤት አለ» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

ውዳላት በልቧ አሰላች። በሰከንድ ሃያ ዙር ማለት ነው። ካሜራው በያዘው ፍጥነት ከተነሣ ፕሮፔለሩ ፈቀቅ ለማለት እንኳ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ካሜራዋን ሃያ እጥፍ አዘገየችው። ኅሩይ የጣቷን እንቅስቃሴ አይቶ ደነገጠ።

«ምን ነካሽ? በዚህ ዝግታ እጅሽ ለቅጽበት ቢሳሳት አውሮፕላኗ እንዳለች ትደበዝዛለች። እኔ ሃያ አንስቼ ሃያውም ይወጣልኛል። ላንቺ አንድ ከወጣልሽ ዕድለኛ ነሽ።»

«የሚሰቀለውም አንድ ነው» አለች ውዳላት።

በዚህ መካከል ድምፁ መጣ። እንደ ጄቶቹ ጩኸት ሳይሆን ደረት ውስጥ የሚሰማ ጉርምርምታ ነበር። ጋሽ ዘርጋው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንዝርት ከተራራው ጥግ ብቅ አለች፤ ክንፏን ጋደል አድርጋ ብርሃኑ ውስጥ ገባች፤ አብረቀረቀች። ኅሩይ እንደ ምሰሶ ቆሞ ካሜራውን አንጣጣ። ውዳላት እግሮቿን ተክላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ሳትቀድምና ሳትዘገይ ከወገቧ ዞረች። ከዐሥራ አንድ ሰከንድ በኋላ ጎማው መሬት ነካ፤ ነገሩ ሁሉ አለቀ። ውዳላት የካሜራዋን ምስል ማሳያ ተመለከተች። የመጀመሪያው ደብዝዟል። ሁለተኛውም፣ ዐሥረኛውም ደብዝዟል። ከሃያው ዐሥራ ዘጠኙ ተበላሽተው ነበር።

በሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሁለቱ ፎቶግራፎች ታትመው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት የኅሩይን ሲያዩ ፊታቸው በራ። የክንፏ ብሎን ይቆጠራል፤ የአብራሪው መነጽር ይታያል። ጋሽ ዘርጋው ግን ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስደው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ሞተሩን ማን አጠፋው?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም አላጠፋውም፣ ጋሼ» አለ ኅሩይ። «እርስዎም እኮ ድምፁን ሰምተዋል።»

«ጆሮዬ ሰምቷል። ይህ ወረቀት ግን አልሰማም። ፕሮፔለሯ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሥራ ዘመኔ አንዲት አውሮፕላን ሰማይ ላይ እንዲህ ሆና ባይ፣ ወደ እሳት አደጋ እሮጥ ነበር እንጂ ፎቶ አንሺ አልጠራም።»

ከዚያም የውዳላትን አነሡ። ሜዳው ከበስተኋላ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ የእንዝርት አካል ጥርት ብሏል፤ ከክንፎቿ ፊት ሁለት የብርሃን ክቦች ይሽከረከራሉ።

«ጅራቷ ላይ ትንሽ ደብዝዟል» አለ ኅሩይ።

«ደብዝዟል» አለች ውዳላት።

«ይደብዝዝ» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «ይቺ ትበራለች።»

ኅሩይ ፎቶውን ተቀብሎ አየው። ፈልጎ ሊያገኝ የቻለው እንከን ያው አንድ ብቻ ነበር። «በዚያ ዝግታ አካሏን እንዴት አጠራሽው?» ብሎ ጠየቀ።

«አብሬያት ዞርኩ።»

ኅሩይ ወደ ራሱ ፎቶግራፍ ዞረ። «እኔ ደግሞ ቆሜ አቆምኳት» አለ በመጨረሻ።

እነሆ የታሪኩ ትምህርት። የሚንቀሳቀስን ነገር ከቆምንበት ሳንነቃነቅ ልንይዘው ስንሞክር እንይዘዋለን፤ ነገር ግን ገድለን ነው። በሕይወቱ ልንይዘው ከፈለግን ከእርሱ ጋር መንቀሳቀስ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ መሳሳትንም መቀበል ግዴታችን ነው። ልጅን የሚያሳድግ፣ ተማሪን የሚያስተምር፣ ሰውን የሚያፈቅር ሁሉ ይህ ምርጫ ይገጥመዋል። ነገሮች ሲመቹንና ብርሃኑ ሲበዛልን ደግሞ ባለንበት መቆሙ የበለጠ ያምረናል። አንባቢ ሆይ፣ አንተ በጥራት ይዤዋለሁ ከምትለው መካከል ፕሮፔለሩ የቆመው የትኛው ነው?

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ጉዳዩን በሥርዓት ዘጉት፤ አራቱም ያለ ቅሬታ የተቀበሉት ውሳኔ ይህ ነው። የውዳላት ፎቶግራፍ በመንገደኞች አዳራሽ፣ የልጅ ልጆች ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ይሰቀል። የኅሩይ ፎቶግራፍ በመካኒኮች ማሠልጠኛ ክፍል ይሰቀል፤ ሠልጣኞች የእንዝርትን ብሎኖች አንድ በአንድ ይቁጠሩበት። ከሥሩም፣ ኅሩይ ራሱ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ይህ ፎቶግራፍ ሲነሣ ሞተሩ እየሠራ ነበር።»