የፊታውራሪው ዓይን

ዝርዝሩን አሳስቼ ከሆነ ይቅር በሉኝ። ፊታውራሪ ወንድይራድ የሰው ርስት ቀምተው ሲያበቁ አንዱን ሰዓሊ፣ «አገሩን በውሃ ቀለም ሣልልኝ፤ እኔንም መሐሉ ላይ አቁመኝ» አሉት። ሰዓሊው ጨነቀው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ሕፃኑም ያውቃል።

ሥዕሉ በፍሬም ሆኖ ሲመጣ በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ፊታውራሪ ለተመልካቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መንደሩ ያያሉ።

«አንተ፣ ዓይኔ የት አለ? ጅራፍ አምጡ!»

«ጌታዬ፣ ሁለት ባደርግልዎ አገሬው ውሸታም ይለኛል፤ አንድ ባደርግልዎ እርስዎ ይገርፉኛል። ስለዚህ ፊትዎን መሬታቸውን ወደ ወሰዱባቸው ሰዎች አዞርሁት፤ እነሱ ይቁጠሩት።»

ጅራፉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሥዕሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተሰቀለ የሰማሁት በጥምቀት ማግስት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬ የለኝም።